የአንድ ጣቢያ ዘመን

የዛሬ ልጅ ሁሉ ሞልቶለታል፤ ያልታደለው አንድ ጣቢያ ብቻ ነው። እኛ ያደግነው በአንድ ጣቢያ ነው። ጠዋት እሱ ይቀሰቅሰናል፣ ቀን እሱ ያስተምረናል፣ ማታ እሱ ያስተኛናል። ምን እንስማ ብሎ መጨነቅ፣ ማንን እንመን ብሎ መከራከር የለም። ሬዲዮው አንዴ የተናገረውን ባልም ሚስትም፣ አከራይም ተከራይም፣ የቀበሌው ሊቀመንበርም የሊቀመንበሩ ባላጋራም እኩል ይሰማዋል፤ እኩል ከሰማ በኋላም እኩል ዝም ይላል። ስምምነት ማለት ይህ ነው።

ያን ዘመን የሚያማው ሰው በዝቷልና እኔ ላመሰግነው ተነሥቻለሁ። በስድሳዎቹ መጨረሻና በሰባዎቹ አንድ ተራ የስርጭት ቀን ከማለዳው ማርሽ እስከ ሌሊቱ መዝጊያ ምን ይመስል እንደነበር ላውራ። ዘፈኑን እተወዋለሁ፤ እሱን ዛሬም ሠርግ ቤት ታገኙታላችሁ። የማወራው ስለ ንግግሩ ነው።

ሬዲዮ በአገራችን ከጥንቱም የርክክብ ነገር አያጣውም። የአቃቂውን ጣቢያ አንሳልዶ የሚባል የጣሊያን ኩባንያ ሠርቶ አስረከበ፤ ብዙም ሳይቆይ ጣሊያን ራሷ በጦር መጥታ ተረከበችው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት በሞከረ ጊዜ አልጋ ወራሹ በሬዲዮ መግለጫ አነበቡ፤ በቀናት ውስጥ ነገሩ ሲገለበጥ መግለጫውም አብሮ ተገለበጠ። ከዚያ ወዲህ ቤተ መንግሥቱን ከመያዝ በፊት ማይክሮፎኑን መያዝ እንደሚበጅ ያልገባው የጦር መኮንን አልተፈጠረም።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የብሥራተ ወንጌሉ ነው። የሉተራውያን ጣቢያ ነበር፤ በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተከፍቶ ለአፍሪካና ለእስያ በብዙ ቋንቋ ያሰራጭ ነበር። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰው፤ ስሙም «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» ተባለ። በውርሱ ጊዜ ወንጌሉ ለባለቤቶቹ ተመለሰ፣ ብሥራቱ ግን ለመንግሥት ቀረ። ከዚያ በኋላ በሬዲዮ ከብሥራት በቀር የሰማነው የለም።

ሬዲዮ እንደ ዛሬው በየኪሱ አልነበረም። ያለው ሰው ቡፌ ላይ አስቀምጦ ዳንቴል ያለብሰዋል፤ ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ ሞቅ ብሎ ሲመለስ ዜናው ለአንድ ሁለት ቀን ነፍስ ይዘራል። በሰፈራችን ግን በይፋና በነፃ የሚደመጠው ጋሼ ሰፊው ቤት ነው። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ዋና ስማቸውን የሚያውቀው የቀበሌ መዝገብ ብቻ ነበር። ከስፌት መኪናቸው በላይ፣ ሚስማር ላይ፣ ቆዳ የለበሰ ትራንዚስተር ተንጠልጥሏል። ሬዲዮው «ሰፊው ሕዝብ» ባለ ቁጥር ጋሼ ሰፊው ፔዳሉን ሳያቆሙ «አቤት!» ይላሉ።

«ጃንሆይ አንድ ቀን ጠርተውኝ አያውቁም» ይሉ ነበር። «ይኸ መንግሥት ግን ሲነጋም ሲመሽም ይጠራኛል። የጠራኝን ሁሉ ቢከፍለኝ ኖሮ ይኸኔ ፎቅ ነበረኝ።»

ማለዳ ማርሽ ይመጣል። ከማርሹ ቀጥሎ መፈክር፣ ከመፈክሩ ቀጥሎ ዜና። ዜናው የሚከፈተው «ጓድ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም፣ የጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር መንግሥት ሊቀመንበር፣ የኢሠፓአኮ ሊቀመንበር እና የአብዮታዊ ሠራዊት ጠቅላይ አዛዥ» ተብሎ ነው። ከዚያ እንግዳው ከነሙሉ ማዕረጉ፣ ከዚያ ቦታው፣ ከዚያ ሰዓቱ፣ ከዚያ አብረው የነበሩት ጓዶች በየተራ። አማርኛችን ግሱን ለመጨረሻ የሚያኖር ነውና ሰውየው ይምጡ ይሂዱ፣ ይሹሙ ይሻሩ የሚለየው አንባቢው እስትንፋሱ ሊያልቅ ሲል ነው። በየቤቱ ጀበና የሚገነፍለው ከግሱ በፊት ነበር። ጋሼ ሰፊው ሊቀመንበሩ ሲጠሩ አንድ የኮት እጅጌ ይጀምራሉ፤ ሰፍተው ጨርሰው ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው «እህ፣ ግሱ ደረሰ?» ይላሉ። በ1977 ዓ.ም. ኢሠፓአኮ ሲያደራጀው የቆየው ፓርቲ ሲመሠረት ማዕረጉ ላይ ዋና ጸሐፊነት መጣ፤ በ1980 ደግሞ ፕሬዚዳንትነት። ያን ጊዜ ጋሼ ሰፊው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለቱንም እጅጌ ማውጣት ቻሉ። የምርት ዕድገት የሚባለውን በዓይኔ ያየሁት እዚያ ነው።

ከማዕረጉ ሁሉ ግን የሚወዱት «ቆራጡ መሪያችን» የሚለውን ነበር። አንድ ቀን ቤቱ ሰው እንደሞላ ሬዲዮው ይህችን ሲል መቀሳቸውን አስቀመጡና፣

«መሪያችን ቆራጥ፣ ሕዝባችን ሰፊ። ለሥራው ምን ጎደለ? ጨርቁ የታለ ብቻ ነው» አሉ።

ሱሪ ሊያሳጥር የመጣው የቀበሌ ጥበቃ ጫማውን ማየት ጀመረ። ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁሉ ጫማችንን አየን። ጫማ የሌለን እግራችንን።

አንዳንድ ቀን ዜናው ይዘገያል፤ ማርሹ ይረዝማል። ማርሹ ከልኩ ሲረዝም እናቶች ልጆቻቸውን ይቆጥራሉ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት የሆነውን በማግሥቱ ጠዋት የነገረን ይኸው ሬዲዮ ነው። ስልሳ ሰዎች፤ ራስ ከጄኔራል፣ ሚኒስትር ከአገረ ገዥ ሳይለይ። ውሳኔው ፖለቲካዊ ነው ተባለ። ፍርድ ቤት ያልደከመበት፣ ጠበቃ ያልተከፈለበት፣ ቀጠሮ ያልተጓተተበት ውሳኔ። ዛሬ ለአንድ የድንበር ክርክር ዓመት ሙሉ ለሚመላለስ ሰው ያን ቅልጥፍና ብነግረው አያምነኝም።

ከዚያ በኋላ «እርምጃ» የሚለው ቃል የዕለት እንጀራችን ሆነ። በ1969 እና በ1970 በጠዋት ዜና እርምጃ ያልተወሰደበት ሳምንት ብርቅ ነበር። አገር በእርምጃ ላይ እርምጃ ስትጨምር ወጣቱ የራሱን እርምጃ አሳጠረ፤ ከጓዳ እስከ ደጅ፣ ከደጅ እስከ ጓዳ። ጥር 26 ቀን 1969 ደግሞ እስከ ትናንት ሊቀመንበር ተብሎ ከነማዕረጉ ሲነበብ የቆየው የብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ስም በሌላ ቅጽል ተነበበ። ስሙ ያው ነው፣ ጣቢያው ያው ነው፣ የሬዲዮውን ማስተካከያ የነካ ሰው የለም። አንድ ጣቢያ ብቻ መኖሩ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ የትናንቱን የተናገረው ራሱ ስለሆነ የዛሬውን ሲናገር ቀና ብሎ «ትናንት እንዲህ ብለህ አልነበረም ወይ?» የሚለው ጎረቤት የለውም።

ረፋዱ የትምህርት ነው። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ ስድስት ልጅ ያሳደጉ እናቶች ደብተራቸውን በነጠላ ጠቅልለው ወደ ቀበሌ ሲሄዱ አይቻለሁ። ዩኔስኮ ሸልሞበታል፤ የሚገባው ነው፤ ይህችን ያለ ምንም ቅኔ ነው የምናገረው። አንዲት ጎረቤታችን ፊደል ቆጥረው እንደጨረሱ መጀመሪያ ያነበቡት የቀበሌው ግድግዳ ላይ የተጻፈውን መፈክር ነው። ሁለተኛው የልጃቸው መጥሪያ ነበር። ሌላ ሰው ሳያስቸግሩ ራሳቸው አነበቡት።

የሴቶች፣ የሠራተኞች፣ የወጣቶች እያለ ፕሮግራሙ ይቀጥላል፤ ሁሉም ማኅበር አላቸው፣ ሁሉም ማኅበራቸው ይናገርላቸዋል። እልፍ እንበል።

የገበሬው ጉዳይ ግን እልፍ የሚባል አይደለም። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ሬዲዮው እውነትም ደስታ ተናገረ፤ አዲስ አበባ በሰልፍ ጎርፍ ተጥለቀለቀች፤ ያን ቀን ያለቀሰ ሰው በደስታ ነው ያለቀሰው፣ ጥቂት ባለርስቶች ሲቀሩ። ከዚያ ወዲህ ገበሬው የራሱ ፕሮግራም አለው። ሬዲዮ ስለሌለው ብቻ አይሰማውም። የምናዳምጠው እኛ ከተሜዎቹ ነን፤ አንድ ክንድ መሬት የሌለው የሰፈራችን ጫማ ጠጋኝ ስለ ማዳበሪያ አጨማመር ከግብርና ባለሙያ ጋር ይከራከራል። መስከረም 1977 ሲደርስ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመትና የፓርቲው ምሥረታ ሆነና ስርጭቱ በሙሉ በዓል ሆነ። ጨርቁ የት እንደገባ ያን ጊዜ ነው ያየነው፤ ቀይ ሆኖ፣ አደባባዩን ሞልቶ፣ በየአጥሩና በየፎቁ ተሰቅሎ። ጋሼ ሰፊው ሌሊት ሁሉ ጠርዝ ሲዘመዝሙ ሰነበቱ።

በዚያው ሰሞን ኮረም ላይ ሰው በረሀብ ይረግፍ ነበር። የገበሬው ፕሮግራም ስለ ኮረም ያላነሣበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ፕሮግራሙ የተዘጋጀው ለሚዘራ ገበሬ ነው፣ ኮረም መንገድ ዳር የተኛው ደግሞ በሬውንም ዘሩንም በልቶ የጨረሰ ነው። በጥቅምት ቢቢሲ ፊልሙን ለዓለም አሳየና ፈረንጅ አለቀሰ። እኛ በዓሉ ገና አልወጣልንም ነበር።

ቀትር ላይ ማስታወቂያ ይነበባል። የጨረታው አለ፣ የሐዘኑ አለ፣ የጠፋ ሰው አለ፤ መልኩ ቀይ ዳማ፣ ቁመቱ መካከለኛ፣ የለበሰው ቡናማ ካፖርት፣ ያያችሁ ለቤተሰቡ ንገሩ። ይህን ማስታወቂያ በጥሞና የሚያዳምጡ ብዙ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ግን የእነሱ ልጅ በዚህ ደንብ አይገባም። የጠፋ የሚባለው የት እንዳለ የማይታወቅ ሰው ነው፤ የእነሱ ልጅ የት እንዳለ የሚያውቅ መሥሪያ ቤት አለ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. በዓሉ ግርማ ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። በጋዜጠኝነት ዕድሜውን የፈጀ፣ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን የነበረ፣ ከጥቂት ወራት በፊት «ኦሮማይ» የሚባል ልብ ወለድ አሳትሞ መጽሐፉ ከገበያ የተሰበሰበበት ሰው ነው። ማስታወቂያ ሚኒስቴር ስለ እሱ ማስታወቂያ አላወጣም። ምናልባት ቁመቱን ዘንግተውት ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልቤን የወሰደው ሬዲዮ ይጀምራል። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲተርክ የሰፈሩ ሴት ወይዘሮ ወጧን ከእሳት አውጥታ ትቀመጣለች። አንድ ሰው ነው የሚያነበው፤ ግን ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ እኛ እንደነግጣለን፣ ሰብለ ስትተክዝ እንተክዛለን፣ ጉዱ ካሣ አፉን ሲከፍት ጋሼ ሰፊው መኪናቸውን ያቆማሉ። ለሌላ ለማንም ፕሮግራም አቁመው አያውቁም። ትረካው የተፈቀደው የባላባቱን ሥርዓት ስለሚያጋልጥ ነው፤ ጉዱ ካሣ የሚተቸው ያለፈውን ጌታ ነው፤ ጌታ ደግሞ ከ1967 ወዲህ የለም። ስለዚህ ስለ ጌቶች የተነገረውን ሁሉ ያለ ሥጋት፣ ማንንም ሳናስብ፣ ማንንም እያየን እናዳምጥ ነበር። ጉዱ ካሣን እብድ ብለው ስለናቁት እንዳሻው ይናገራል። ከትረካው በኋላ ሰፈሩ ውስጥ እብድ የመሆን ፍላጎት ትንሽ ከፍ ይል እንደነበር አስታውሳለሁ።

ኳስም አለ። ሳንሱር ክፍል አስቀድሞ ጽሑፉን የማያየው ብቸኛ ፕሮግራም ኳስ ነው። ኳሷ ምን እንደምትሠራ ለሚመለከተው ክፍል አታሳውቅም፤ ጽሑፏን በሦስት ኮፒ አታስገባም። በታኅሣሥ 1980 ኢትዮጵያ በሴካፋ ዋንጫ ፍጻሜ ዚምባብዌን በመለያ ምት ስትረታ የደምሴ ዳምጤ ድምፅ ሲሰነጠቅ ሰምተናል። በዚያ ሬዲዮ ላይ ሳይነበብ የወጣ ጩኸት ነው፤ መጨረሻውን ተናጋሪውም አለቃውም አድማጩም አንድ ላይ ሳያውቁ የጠበቁት ነገር ነው። አገሩ በሙሉ ወጥቶ አደረ፤ ተሰለፉ ብሎ ያዘዘው ቀበሌ የለም፤ በማግሥቱም ለምን ተሰለፋችሁ ብሎ የጠየቀ አልተገኘም፤ ሁሉም እዚያው ነበርና።

ማታ 2 ሰዓት ዋናው ዜና ነው። የጠዋቱ ነው፤ ግን ለብሶ ይመጣል። ከዜናው በኋላ ሐተታ ይከተላል፤ ሐተታው ዜናውን ያላመነ ሰው ካለ እንዲያምን፣ ያመነ ካለ እንዳመነ እንዲያድር የሚደረግ ነው። ከዚያ ሰዓት እላፊ ይደርሳል፤ ሰዉ በቤቱ ይከተታል።

እዚህ ላይ የአንዳንድ ሰዎችን ብልግና ሳላነሣ ባልፍ ምስጋናዬ ጎደሎ ይሆናል። ይህን የመሰለ ጣቢያ እያላቸው፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ ድምፁን እስከ ሹክሹክታ ዝቅ አድርገው የሰው አገር ወሬ የሚፈልጉ ነበሩ። የጀርመን ድምፅ ከ1957 ጀምሮ ከኮሎኝ ያወራል፤ የአሜሪካ ድምፅ በ1975 ተጨመረበት፤ ሞቃዲሾ በአማርኛ ትሳደባለች፤ ከበረሃ የሚጮኹትም አሉ። አጭር ሞገድ ያፏጫል፣ ይርቃል፣ ይመለሳል፤ ልክ ስለ አገርህ ሊነግሩህ ሲሉ ይጠፋል። ኮረም የሚባል ከተማ ያለበትን ሁኔታ ሰፈራችን ያወቀው በዚህ መንገድ ነው። አድማጩ ከመተኛቱ በፊት የሬዲዮውን መርፌ ወደ አዲስ አበባ መመለስ አለበት፤ ጠዋት ድንገት የገባ ካድሬ ሬዲዮውን ከፈት ቢያደርገው ማርሽ መስማት አለበት እንጂ ፉጨት መስማት የለበትም። መርፌ የሚረሳ ሰው ነበር። ጋሼ ሰፊው ግን በመርፌ አይታሙም።

በሌላ ነገር ታሙ። የሰማ ሰው ማውራቱ አይቀርምና፣ አንድ ማለዳ ሱቃቸው ሳይከፈት ቀረ፤ ሬዲዮውም አብሯቸው ሄደ። ወራት ቆይተው፣ ከስተው፣ ጢማቸው ሸብቶ ተመለሱ፤ ሬዲዮው ግን አልተመለሰም። ሰው እንኳን ለቤትዎ አበቃዎ ሊል ይመጣል፤ የት ከረሙ ብሎ የሚጠይቅ አዋቂ የለም፤ ጠያቂው እኔ ልጁ ነበርኩ።

«ጋሼ፣ የት ነበሩ?»

«ጣቢያ።»

«የሬዲዮው?»

«ኧረ የሌላው ነው ልጄ። የሬዲዮው ጣቢያ እሱ ይናገራል፣ እኔ እሰማለሁ። የዚያኛው እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይሰማል። ሰው ሲናገር ያን ያህል ልብ ብሎ የሚሰማ መንግሥት እንዳለን አላውቅም ነበር።» ከዚያ ክር እያሾሉ፣ ለእኔ ይሁን ለመርፌው ሳይለይ፣

ሌላ ጣቢያ ልስማ ብሎ ቢነካካ፣
ሌላ ጣቢያ እሱን ሲያዳምጠው ለካ።

አሉና ሣቁ። ዳግመኛ አላሏትም፤ እኔ ግን ያዝኳት።

ግንቦት 13 ቀን 1983 ዜና አንባቢው ዳሪዎስ ሞዲ ፕሬዚዳንቱ አገር ለቀው መሄዳቸውን አነበበ። ያን ቀን ግሱ ቶሎ መጣ። ጋሼ ሰፊው በጎረቤት ሬዲዮ ነው የሰሙት፤ አንድ ቁልፍ እንኳ ሳይተክሉ ዜናው አለቀባቸው። «ቆራጡ ቆረጠ» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። ከሳምንት በኋላ፣ ግንቦት 20፣ ሌላ ድምፅ ገባ፤ ጠላት ይባል የነበረው ወዳጅ፣ ወዳጅ ይባል የነበረው ጠላት ሆኖ ተነበበ። ስቱዲዮው ያው ስቱዲዮ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩም ከነርዝመቱ ያው፤ ውስጡ ያሉት ስሞች ብቻ ናቸው ተነሥተው ሌሎች የተቀመጡት። ልብስ ሰፊ ሲያሰፋ ሲያጠብ ላደገ ዓይን ይህ አዲስ ነገር አልነበረም።

ዛሬማ ጣቢያው በዝቷል። የትኛው ብላችሁ አትጠይቁኝ። ኤፍኤም አለ፣ ሳተላይት አለ፣ በስልክ የሚታየው አለ፤ እያንዳንዱ የራሱ ሕንፃ፣ የራሱ መኪና፣ የራሱ አርማ ያለበት ማይክሮፎን፣ የራሱ ከረባት ያሰረ አንባቢ አለው። እኔም ዕድሜ ሰጥቶኝ አንዱን ከአንዱ እያፈራረቅኩ አዳምጣለሁ። ትልቅ ጉዳይ በተፈጠረ ቀን፣ መርፌ የለምና በጣቴ፣ ከዳር እስከ ዳር ነካክቻቸው ነበር። ሁሉም አንድ ዜና፣ በአንድ ቅደም ተከተል፣ በአንድ ቃል፣ አንዳንዶቹም በአንድ የፊደል ግድፈት አነበቡልኝ። ድሮ ይህን ሥራ አንድ ሰው፣ በአንድ ማይክሮፎን፣ ለአንድ ደመወዝ ይሠራው ነበር። መብራቱን፣ ኪራዩን፣ ነዳጁን፣ የአንባቢዎቹን አበል ሳስብ፣ ለመንግሥት ወጪ የሚቆረቆር አንድ ሒሳብ ሹም እንኳ እንዴት ጠፋ እላለሁ።